ከቃዲው መዝገብ እስከ ዲጂታል ማስረጃ፦ የሕግ ባለሙያው ሥልጠና በወንጀል ፍትሕ ታሪካችን



የዛሬው ንግግሬ የሕግ ባለሙያዎችን ለወንጀል ፍትሕ በሚያገለግል ዲጂታል ቴክኖሎጂ ስለ ማሠልጠን ነው። ርዕሱ አዲስ ቢመስልም ከሥሩ ያለው ጥያቄ የቆየ ነው፦ መዝገብ በራሱ ይመሰክራልን? ወይስ ስለ መዝገቡ የሚመሰክር ሰው ያስፈልጋል?

ለዚህ ጥያቄ ሐረር ጥሩ መነሻ ናት። ሐረሪዎች አሱም በሪ በሚሉት በፈላና በር በኩል ወደ ጀጎል የሚገባ ሰው፣ የሚደርሰው ፍርድን በጽሑፍ ማኖር ከለመደች ከተማ ነው። በአሚሮቹ ዘመን የቃዲው ፍርድ ቤት ሽያጭን፣ ውርስንና ጋብቻን በዐረብኛ ይመዘግብ ነበር፤ ከእነዚያ መዛግብት እስከ ዛሬ የተረፉ አሉ። ጉዳዮቹ የወንጀል አይደሉም። ነገር ግን የሥርዓቱን አስተሳሰብ ልብ እንበል። በእስልምና የሕግ ትምህርት ጽሑፉ በመሠረቱ ማስታወሻ ነው፤ ዋናው ማስረጃ የታማኝ ምስክሮች ቃል ነው። ስለዚህም ወረቀቱ ያለ ሰው ምስክርነት ብቻውን እንዲቆም አይጠበቅም ነበር። በደጋው የሙግት ሥርዓት፣ በበላ ልበልሃ፣ ደግሞ ወረቀቱ ጭራሽ የለም፤ መዝገቡ በዙሪያው የቆመው ሕዝብ ትዝታ ነው።

ዘመናዊው ሕግ ይህን ሚዛን ለወጠው። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም.፣ የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ደግሞ በ1954 ዓ.ም. ታወጁ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው ግን በ1956 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ቀደመ፤ ተማሪው ተከተለ። በመካከሉ ባሉት ዓመታት አብዛኛው ዳኛ በሕግ ትምህርት ቤት ሳያልፍ አዲሱን ሕግ እንዲሠራበት ተገደደ። ይህ ቅደም ተከተል፣ እንደምናየው፣ በኋላም ተደግሟል።

ከሥነ ሥርዓት ሕጉ ውስጥ በአንቀጽ 147 ላይ ጥቂት ልቆይ። አንቀጹ የምስክሩን ቃል ሰብሳቢው ዳኛ ራሱ እንዲጽፍ፣ በበቂ ምክንያት ካልቻለ ሌላ ዳኛ ወይም በእርሱ ቅርብ ተቆጣጣሪነት ጸሐፊ እንዲጽፈው ያዝዛል። ዋናው ጥያቄ የት እንዳበቃና መስቀለኛው የት እንደ ጀመረ መለየት አለበት። ቃሉ የሚሰፍረው ግን በመደበኛው አካሄድ በሐተታ መልክ ነው እንጂ ጥያቄና መልስ እየሆነ አይደለም። እኔ ይህን አንቀጽ ስለ ፍርድ ቤት ቴክኖሎጂ ከተጻፉት የመጀመሪያ ሕጎቻችን እንደ አንዱ አነበዋለሁ፤ መሣሪያው እስክሪብቶ ነበር።

የእስክሪብቶው ጉድለት እንደ ሐረር ባለ ከተማ ጎልቶ ይታያል። የፍርድ ቤቱ ቋንቋ አማርኛ በነበረበት ዘመን በሐረሪ ወይም በኦሮምኛ የመሰከረ ሰው ቃሉ በአስተርጓሚ አፍ ያልፋል፤ ከዚያ በዳኛው እጅ ይጨመቃል። ይግባኝ ሰሚው የሚያነበው የምስክሩን ቃል ሳይሆን የሁለት ሰዎችን አረዳድ ነው። አስተርጓሚው ቢስት የሚታረምበት ዋና ቃል የለም። በኋላ ወደ ችሎት የገባው የድምፅ መቅጃ ከሁሉ በላይ የለወጠው ይህንን ይመስለኛል፤ የምስክሩ ድምፅ በራሱ ቋንቋ ይቀመጣል። በፕላዝማ የሚካሄደው የሰበር ችሎት ከክልል ለሚመጣው ባለጉዳይ መንገዱን ማሳጠሩ ትልቅ ነገር ነው፤ የተቀዳው ድምፅ ግን ከዚያ የበለጠ የመብት ጉዳይ ነው።

ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የቀድሞው ሕግ የኮምፒውተር ወንጀልን በአግባቡ እንደማይሸፍን በመግቢያው ጠቅሶ፣ ከአንቀጽ 706 ጀምሮ ጥቂት ድንጋጌዎችን ጨመረ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወጣ። አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዝዛል። ኤሌክትሮኒክ ማስረጃ የሚያቀርብ ወገን እውነተኛነቱን የማስረዳት ግዴታ እንዳለበትም ይደነግጋል፤ የቃዲው ዘመን ጥያቄ እዚህ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው፦ ዐቃቤ ሕግ መሠረታዊ ፍሬ ነገሮችን ካስረዳ በኋላ ፍርድ ቤቱ የማስረዳት ሸክሙን ወደ ተከሳሹ ሊያዞር ይችላል።

ሥልጠና የነጻነት ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። የፌዴራሉ የፍትሕና ሕግ ኢንስቲትዩትና በክልል ያሉት መሰል ተቋማት ዳኞችንና ዐቃብያነ ሕግን ያሠለጥናሉ። ነገር ግን ሥልጠና ሲባል መዝገብን በኮምፒውተር መክፈትና መዝጋት ብቻ ከሆነ የጸሐፊ ሥልጠና ነው። ተከላካይ ጠበቃውን ከዘለለ ደግሞ ሸክሙ የዞረበት ተከሳሽ ብቻውን ይቀራል፤ ሕገ መንግሥቱ የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከት መብት ቢሰጠውም፣ የሚያየውን የሚያነብለት የለውም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ የታሰበ እንጂ የደረሰ ጉዳይ አይደለም። በመዝገቡ ውስጥ ከቴሌግራም የተወሰደ ስክሪንሾት ታትሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት ተያይዟል። ማኅተሙ የሚመሰክረው ስለ ወረቀቱ ነው፤ መልእክቱን ማን እንደ ላከው፣ ስልኩ ከተያዘበት ሰዓት ጀምሮ በማን እጅ እንደ ነበር አይናገርም። ምስክሩ ድርጊቱ የተፈጸመው «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት» ነው ይላል። ስልኩ 02:00 ያሳያል። ከአገልግሎት ሰጪው ሰርቨር የመጣው ዝርዝር በዓለም አቀፉ ሰዓት የተያዘ ከሆነ፣ እኛ ከዚያ በሦስት ሰዓት ስለምንቀድም፣ 23:00 ይላል፤ ቀኑም የትናንቱ ነው። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደ ክሱ ሲገለበጥ ሌላ የስሕተት በር ይከፈታል። ሦስቱ ቁጥሮች አንድ ቅጽበት ናቸው። ይህን የማያውቅ ጠበቃ ምስክሩን በሐሰተኛነት ሲያጣድፍ ሊውል ይችላል፤ ይህን የማያውቅ ዳኛ ደግሞ ተከሳሹ በዚያ ሌሊት ሌላ ቦታ እንደ ነበር የሚያሳየውን ማስረጃ በተሳሳተ ቀን መዝኖ ውድቅ ሊያደርገው ይችላል።