«ደንቡ ነው» ሲሏችሁ



ኻሊዲያ ውስጥ ልብስ መደብር የምትሠሩ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል ምን እንደሆነ ነጋሪ አያሻችሁም። ደንበኛ ባይኖርም «መቀመጥ ክልክል ነው» ትባላላችሁ፤ ለምን ብትሉ «ደንቡ ነው»። ይህ ደንብ ግን ታሪክ አለው።

በእንግሊዝ አገርም ሴት ሻጮች ቆመው ይውሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 ለሦስት ሴት ሻጮች ቢያንስ አንድ መቀመጫ ይቅረብ የሚል ሕግ ወጣ። ብዙዎቻችን አብረናቸው የምንሠራው የኬራላ ልጆችም አገራቸው ላይ ይህንኑ አይተዋል። በኮዢኮድ ከተማ የልብስ ሱቅ ሴቶች ተደራጅተው ለዓመታት ጮኹ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የመቀመጥ መብት በሕግ ተጻፈላቸው።

እኛ ያለንበት አገርስ? እ.ኤ.አ. የ1980ው የሥራ ሕግ የቀኑን ሥራ 8 ሰዓት ሲያደርግ፣ ለንግድ ቤቶች ግን እስከ 9 ፈቅዶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ በመሠረቱ ከ5 ሰዓት በላይ ያለ እረፍት ማሠራትን ይከለክላል፤ እረፍቱም ተደምሮ ከ1 ሰዓት አያንስም። ፓስፖርታችሁን መያዝም ክልክል ነው።

እዚህ የሠራተኛ ማኅበር አይፈቀድም፤ አድማም እንዲሁ። ስለዚህ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በየቀኑ በደብተር ጻፉ። ለሥራ ሚኒስቴሩ አቤት ስትሉ ከቃላችሁ ይልቅ ጽሑፋችሁ ይናገራል። ደንብን ሰው አወጣው፤ ሰው ደግሞ ይለውጠዋል።

ለውይይት፦ ያዕቆብ 5፥4ን አንብቡ። ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት በዚያ ቃል ውስጥ ይገባል?