ጀርባቸውን የሰጡ ምስሎች፦ የሠዓሊ ዳዊት አበበ ሥራዎች

ሠዓሊ ዳዊት አበበ እ.ኤ.አ በ1978 በአዲስ አበባ ተወለዱ። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም ከመሠረቱትና ዛሬ በስማቸው ከሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ በ2001 ተመርቀዋል። የሀበሻ የሥነ ጥበብ ስቱዲዮ መሥራች አባልም ናቸው።

«ባክግራውንድ» የተሰኙት ተከታታይ ሥራዎቻቸው ቀለምንና የታተሙ ወረቀቶችን በሸራ ላይ በማዋሐድ የተሠሩ ናቸው። በኢትዮጵያ ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ቅዱሳን በሙሉ ፊትና በሁለት ዐይን፣ እኩያን ደግሞ በጎን ገጽታና በአንድ ዐይን ይሣላሉ። በዚህ ልማድ የሰው ማንነት የሚታወቀው ከፊቱ ነው። በሠዓሊው ሸራ ላይ ያሉት ሰዎች ግን ለተመልካች ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ። በመሆኑም ተመልካቹ ማንነታቸውን ከአቋማቸው፣ ከአለባበሳቸውና አብረዋቸው ከተለጠፉት ጽሑፎች ለመፈለግ ይገደዳል። ሰው ያለፈ ታሪኩን ተሸክሞ ይኖራል፤ የገዛ ጀርባውን ግን ማየት አይችልም። ሥራዎቹ የሚያነሡት ጥያቄም ይኸው ነው።

የሠዓሊው ሥራዎች እ.ኤ.አ በ2015 በለንደኑ ሳቺ ጋለሪ «ፓንጋያ 2» በተሰኘው ዐውደ ርዕይ ከሌሎች የአፍሪካና የላቲን አሜሪካ ሠዓልያን ሥራዎች ጋር ለዕይታ ቀርበዋል።