መርከቦች ጡረታ ወጥተው ሥራ የቀጠሉበት ደሴት

ፎክላንድ የሚባሉትን ደሴቶች ስም ሰምታችሁ ከሆነ የሰማችሁት በ1982ቱ የእንግሊዝና የአርጀንቲና ጦርነት ሳይሆን አይቀርም። (አርጀንቲናዎች ማልቪናስ ይሏቸዋል፣ ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም።) እኔ ግን ዛሬ ስለ ጦርነቱ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ መርከቦች ነው፣ ያውም ከሰል፣ ሱፍ፣ ጣውላና የወፍ ኩስ ሲጭኑ ስለኖሩ የሥራ መርከቦች። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደሴቶቹ ከደቡብ አሜሪካ ጠረፍ 480 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ውቅያኖስ ውስጥ ተቀምጠዋል። ነፋሱ ፋታ አይሰጥም። ዛፍ ደግሞ በተፈጥሮ አይበቅልባቸውም። ይቺን የዛፍ ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች። እንግሊዝ በ1833 ያዘቻቸው፣ በ1845 ስታንሊ የምትባለው ትንሽ ወደብ ዋና ከተማ ሆነች። በ1852 ደግሞ የፎክላንድ ደሴቶች ኩባንያ የሚባል ድርጅት ከንግሥቲቱ ቻርተር አግኝቶ በበግ እርባታና በንግድ ሥር ሰደደ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው የማይገዛው፣ የማይሸጠው ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ጥግ ላይ መርከብ ምን ያደርጋል? መልሱ ካሊፎርኒያ ነው። በ1848 እዚያ ወርቅ ተገኘ፣ በቀጣዩ ዓመት ሰዉ ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር የሚያገናኘው ባቡር የተጠናቀቀው በ1869 ነው፣ የፓናማ ቦይ የተከፈተው ደግሞ በ1914። ስለዚህ ከኒው ዮርክ ወይም ከሊቨርፑል ከባድ ዕቃ ጭኖ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚሄድ መርከብ ደቡብ አሜሪካን ዞሮ፣ ኬፕ ሆርን የሚባለውን የማዕበል አገር ማለፍ ነበረበት። ሲመለስም እንደዚያው። ከፔሩ ደሴቶች ጓኖ (ለማዳበሪያ የሚሸጥ የወፍ ኩስ ነው) ጭነው ወደ አውሮፓ የሚሄዱትም መንገዳቸው ይኸው ነበር።

ኬፕ ሆርን ላይ ምሰሶው የተሰበረ፣ ውኃ ማስገባት የጀመረ መርከብ ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ሲገፋው የሚያገኘው መጠጊያ ስታንሊን ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ካፒቴኑ ከባለቤቱ በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቋል፣ ምክር የሚጠይቅበት ስልክ የለም። መርማሪዎች መጥተው ጉዳቱን ያያሉ። የጥገናው ወጪ ከመርከቡ ዋጋ በላይ ነው ከተባለ በቃ፣ «ለጉዞ አትበቃም» ተብላ ትሸጣለች። ጣውላው ከውጭ የሚመጣ ነው (ዛፍ የለም ብያችኋለሁ)፣ አናጢው ጥቂት ነው፣ የጥገና ዋጋው ሰማይ ነው። ቀፎዋን በርካሽ የሚገዛውስ? ብዙ ጊዜ እዚያው ያለው ኩባንያ ወይም ነጋዴ። ስታንሊ በዚህ የተነሳ በመርከበኞች ዘንድ ስሟ ክፉኛ ጠፍቶ ነበር። እኔ በግሌ ሁሉም ማጭበርበር ነበር አልልም፣ ብዙዎቹ መርከቦች በእርግጥም አልቆላቸው ነበር። ግን ዋጋ ተማኙም ገዢውም በአንድ ሰፈር ሲኖሩ የሚሆነውን እኛም አገር እናውቀዋለን።

ቀፎዋ ግን አትጣልም። እኛ ጋ አሮጌ ኮንቴይነር ሱቅ እንደሚሆነው ሁሉ እዚያ አሮጌ መርከብ መጋዘን ይሆናል። የበግ እርሻዎቹ በየደሴቱ የተበታተኑ ነበሩ፣ መንገድ የለም፣ ሁሉም ነገር በባሕር ነው። ትንንሽ የሸራ መርከቦች በየእርሻው እየዞሩ የተሸለተውን ሱፍ ሰብስበው ስታንሊ ያመጣሉ፣ ሱፉም ወደ እንግሊዝ የሚወስደው መርከብ እስኪመጣ በአሮጌዋ ሆድ ውስጥ ይጠብቃል። አንዳንዷ ቀፎ ድንጋይ ተሞልታ የወደብ መሻገሪያ ሆናለች። በ1841 እንግሊዝ አገር የተሠራችውና በወርቁ ጊዜ ሳን ፍራንሲስኮ የደረሰችው ቪካር ኦፍ ብሬይ ጉስ ግሪን በምትባለው ሰፈር የወደብ መድረክ አካል ሆና ቀርታለች። በ1849 ሊቨርፑል የተሠራችው ጄለም ጓኖ እንደጫነች በ1870 መጥታ እዚያው ቀረች። አሜሪካ ውስጥ በ1856 የተሠራችው ቻርልስ ኩፐር በ1866 እያፈሰሰች ገብታ ለአሥርተ ዓመታት መጋዘን ሆነች።

ከሁሉም የምትገርመው ግሬት ብሪቴይን ናት። ብሩኔል የተባለው ስመ ጥር መሐንዲስ ነድፏት በ1843 ብሪስቶል ላይ ውኃ ስትነካ በዓለም ትልቋ መርከብ ነበረች። ከብረት የተሠራች፣ በፕሮፔለር የምትገፋ፣ ርዝመቷ 98 ሜትር። በ1845 አትላንቲክን በ14 ቀን ተሻገረች። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ስደተኞችን ወደ አውስትራሊያ አመላለሰች። ስታረጅ ሞተሯ ወጥቶላት በሸራ ብቻ የምትሄድ የከሰል ጫኝ ሆነች። በ1886 ከሰል ይዛ ወደ ፓናማ ስትሄድ ኬፕ ሆርን ላይ ተጎዳች፣ ስታንሊ ገባች፣ ኩባንያው ገዛት። በቃ፣ ያቺ የዓለም ድንቅ የሱፍና የከሰል መጋዘን ሆነች! በመጨረሻ ለዚያም አልበቃ ስትል በ1937 ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብሎ ባለ ስፓሮው ኮቭ በተባለ ጥልቀት በሌለው ሰላጤ ተወስዳ፣ ገላዋ ተበስቶ እንድትሰጥም ተደረገ።

ቆም ብላችሁ አስቡት። ይቺ መርከብ ለንደን ወይም ሊቨርፑል ላይ ብታረጅ ኖሮ ብረቷ ተቆራርጦ በኪሎ ይሸጥ ነበር። የእሷ ዘመን እኩዮች አብዛኞቹ እንደዚያ ነው የጠፉት። እሷን ያቆያት የሙዚየም ሰው አይደለም፣ የታሪክ ተቆርቋሪም አይደለም። መጋዘን የቸገረው ቅኝ ግዛት፣ መርከብ ቆራርጦ ብረት የሚነግድ የሌለበት ሩቅ ቦታ ነው። የድሃ ቤት ዕቃ አይጥልም። ስለዚህ «እንግሊዞች ታሪካቸውን ይጠብቃሉ» የምትለዋን አባባል ስሰማ ፈገግ እላለሁ፣ እዚህ ላይ 33 ዓመት ሙሉ ጭቃ ውስጥ ነው የተዋት።

በ1970 ባለሙያዎች መጡ። ጎኗ ላይ ትልቅ ስንጥቅ ነበረ። በምን እንደደፈኑት ታውቃላችሁ? የደሴቶቹ ነዋሪዎች ባዋጡት ፍራሽ! ተነሳችና ተንሳፋፊ መድረክ ላይ ተጭና አትላንቲክን ተሻገረች። ብሪስቶል በሕዝብ ሆታ ተቀበለቻት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1970 በተሠራችበት ዶክ ገባች፤ በተመረቀች ልክ በ127ኛ ዓመቷ፣ በዚያው ዕለት። ዛሬ ሙዚየም ናት። ፍራሽ ያዋጡት ሰዎች ግን የፎቶው ጠርዝ ላይ ነው ያሉት፣ እኔን የሚቆጨኝ ይኸ ነው።

የቀሩት መርከቦች ያን ያህል አልታደሉም። ጄለም በነፋስና በማዕበል እየፈረሰች ነው። በ1879 የተሠራችው የብረት መርከብ ሌዲ ኤልሳቤጥ ግን አሁንም ቆማለች። በ1913 ከቫንኩቨር ጣውላ ጭና ወደ እኛው አህጉር፣ ወደ ሞዛምቢክ ስትጓዝ ተጎድታ ስታንሊ ለመግባት ስትሞክር ድንጋይ መታት፣ በዚያው መጋዘን ሆነች። በ1936 በማዕበል ገመዷ ተበጥሶ ተንሳፍፋ ሄዳ ዌልቦን ኮቭ የተባለ ቦታ ላይ ተቀመጠች፤ ዛሬም ዝገት እየበላት እዚያው ናት። ስልክ የያዛችሁ የሳተላይት ካርታ ክፈቱና ከስታንሊ ወደብ በስተምሥራቅ ፈልጓት፣ ያገኘ ፎቶ አንስቶ ኮመንት ላይ ያስቀምጥልኝ።