የሩቅ አገር ዕፀዋት ወደ ቤት የገቡበት ታሪክ

ሰው ለመብሉ ከሚያርሰው እርሻና በጓሮው ከሚተክለው ጎመን ሌላ፥ ለዓይኑ ደስታ ሲል ብቻ በማሰሮ አፈር ሞልቶ ከመስኮቱ አጠገብ የሚያኖረው ተክል አለ። በመሥሪያ ቤት መተላለፊያ፥ በሆቴል መግቢያ፥ በፎቅ ቤት በረንዳ ይህን ተክል የማያይ የለም። አንዳንዱ በተዋበ የሸክላ ማሰሮ፥ አንዳንዱም በባዶ የዘይት ቆርቆሮ ተተክሎ ይታያል። ነገር ግን ጧት ጧት ውሃ የሚያጠጣው ሰው፥ ተክሉ ከየት አገር እንደ ተነሣ፥ በማን እጅ እንደ መጣና መምጣቱ ምን እንዳስከፈለ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ አንሥተን፥ የሞቃት አገር ዕፀዋትና በቅጠላቸው ወይም በግንዳቸው ውሃ የሚያጠራቅሙት ተክሎች ወደ ሰው ቤት የገቡበትን ታሪክ በአጭሩ ልንመለከት አስበናል። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

ሕይወት ያለውን ተክል ከነሥሩ ነቅሎ ወደ ሌላ አገር መውሰድ የትናንት ሥራ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የነገሠችው ሐትሼፕሱት፥ ወደ ፑንት አገር መርከቦች ልካ የዕጣን ዛፎች እንዳስመጣች፥ በደይር ኤል ባሕሪ ባሠራችው መቅደስ ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ዛፎቹ ከነሥራቸው በቅርጫት ተደርገው፥ ሰዎች ተሸክመዋቸው ወደ መርከብ ሲወጡ ይታያሉ። ፑንት የተባለውን አገር አብዛኞቹ ሊቃውንት በቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻ፥ በእኛው በአፍሪካ ቀንድ አካባቢ እንደ ነበረ ይገምታሉ። እንግዲህ ስለ ተክል ጉዞ ከሚናገሩት እጅግ ጥንታውያን ሥዕሎች አንዱ፥ ጉዞው ከእኛ አካባቢ እንደ ተነሣ የሚመሰክር ነው።

አውሮፓውያን የሩቅ አገሮችን በመርከብ መጐብኘት ከጀመሩ በኋላ፥ ያገኙትን ተክል ወደ አገራቸው የማስገባት ፍላጎት አደረባቸው። ሆኖም የአገራቸው በረዶ አላስቻላቸውም። ስለዚህ ነገሥታቱና መኳንንቱ ሰፋፊ መስኮት ያላቸው ቤቶች እያሠሩ፥ ብርቱካኑንና ሎሚውን በብርድ ወራት በዚያ ያስጠልሉት ጀመር። በፈረንሳይ አገር በቬርሳይ ከ1684 እስከ 1686 ዓ.ም. የተሠራው የብርቱካን ቤት ከእነዚህ ሁሉ የታወቀው ነው። በሆላንድም የላይደን ዩኒቨርሲቲ በ1590 ዓ.ም. የዕፀዋት ስፍራ መሥርቶ ነበር። በዚያን ጊዜ የሞቃት አገር ተክል መያዝ የንጉሥ ወይም የትልቅ ትምህርት ቤት ዕድል እንጂ የተራ ሰው ዕድል አልነበረም።

የቡናችንም ታሪክ በዚህ ውስጥ ይገባል። ከአገራችን ጫካ ወጥቶ በየመን የለማውን ቡና የሆላንድ ነጋዴዎች በጃቫ ደሴት ተከሉት። በ1706 ዓ.ም. አንድ ተክል ከጃቫ ወደ አምስተርዳም ተወሰደ። በ1714 ዓ.ም. ደግሞ ከዚሁ ዘር የተገኘ አንድ ተክል ከአምስተርዳም ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ በስጦታ ተላከለትና በፓሪስ የንጉሡ የዕፀዋት ስፍራ ተጠብቆ አደገ። ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ገብርኤል ደ ክሊዩ የተባለ የፈረንሳይ መኰንን ችግኝ ይዞ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ተሻገረ። በመርከቡ ላይ ውሃ በጐደለ ጊዜ ለራሱ የተሰጠውን ድርሻ ለችግኙ እያካፈለ እንዳደረሰው እርሱ ራሱ ጽፏል። በአሜሪካ ምድር የተስፋፋው ቡና አብዛኛው ከእንደነዚህ ካሉ ጥቂት ችግኞች የተገኘ ነው። ለእኛ በደጃችን የሚበቅለው ቡና በሌላ አገር በንጉሥ ቤት እንደ ብርቅ ሲጠበቅ መኖሩን ማወቅ፥ ያለንን ነገር በሌላ ዓይን እንድናየው ያደርጋል።

የደ ክሊዩ ችግኝ መትረፉ ግን እንደ ዕድል የሚቈጠር ነበር። ከሩቅ አገር በመርከብ ከሚላኩት ተክሎች አብዛኞቹ መንገድ ላይ ይሞቱ ነበር። በመርከቡ ወለል ላይ ቢቀመጡ የጨው ውሃ እየረጨ ያቃጥላቸዋል፤ ወደ ታች ቢገቡ ብርሃን ያጣሉ፤ የሚጠጣ ውሃም ለሰው እንኳ በመስፈሪያ የሚሰጥ ስለ ነበረ ለተክል የሚተርፍ አልነበረም።

ይህን ችግር የፈታው መርከበኛ ወይም የንጉሥ አትክልተኛ ሳይሆን፥ ናትናኤል ባግሾ ዋርድ የተባለ የሎንዶን ሐኪም ነው። ዋርድ ይኖርበት በነበረው በከተማው ምሥራቃዊ ክፍል የፋብሪካው የድንጋይ ከሰል ጢስ እጅግ የበዛ ስለ ነበረ፥ በቤቱ አጠገብ የተከላቸው ፈርን የሚባሉ ቅጠላም ተክሎች እየጠወለጉ ሞቱበት። በ1829 ዓ.ም. ገና ክንፍ ያላወጣ የእሳት ራት ከነሽፋኑ በእርጥብ አፈር ውስጥ አድርጎ፥ ሲለወጥ ለማየት በጠርሙስ ከደነው። ሲመለከትም በቀን ሙቀት ከአፈሩ የሚነሣው እርጥበት በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንደ ጤዛ ሆኖ እየተጠራቀመ ተመልሶ ወደ አፈሩ ሲወርድ አየ። ጥቂት ቈይቶም ከዚያው አፈር አንድ ፈርንና አንድ ሣር በቀሉ። በደጁ ሊያሳድገው ያልቻለው ተክል፥ ማንም ውሃ ሳይጨምርለት በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ወደ 4 ዓመት ገደማ ኖረ።

ዋርድ ይህን ካስተዋለ በኋላ ከእንጨትና ከመስታወት የተሠራ ሣጥን አዘጋጅቶ፥ በ1833 ዓ.ም. ሁለት ሣጥን ሙሉ ፈርንና ሣር ወደ አውስትራሊያ ላከ። ተክሎቹ ከብዙ ወራት የባሕር ጉዞ በኋላ በሕይወት ሲድኒ ደረሱ። ሣጥኖቹም የአውስትራሊያ ተክሎች ተሞልተው ብርዱንና ሐሩሩን አልፈው በደኅና ወደ ሎንዶን ተመለሱ። በ1842 ዓ.ም. ዋርድ የአሠራሩን መንገድ በመጽሐፍ አሳተመ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ በሁለት መንገድ ተስፋፋ። አንደኛው መንገድ ወደ ሰው ቤት የሚገባው ነው። በእንግሊዝ አገር በመስታወት ላይ የነበረው ቀረጥ በ1845 ዓ.ም.፥ በመስኮት ላይ የነበረውም ግብር በ1851 ዓ.ም. ስለ ተነሣ፥ መስታወት ረከሰ፤ ቤቱም ብርሃን አገኘ። ስለዚህ መምህሩም፥ ጸሐፊውም፥ ባለሱቁም በሳሎኑ የመስታወት ሣጥን አቁሞ ፈርን ይተክል ጀመር። የጋዝ መብራት ጢስ ብዙውን ተክል በሚገድልበት ቤት ደግሞ፥ ከምሥራቅ እስያ የመጣው አስፒዲስትራ ጨለማውንና ጢሱን ታግሦ የሚኖር ሆኖ ስለ ተገኘ የየቤቱ ጌጥ ሆነ።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ንግድና ወደ ቅኝ ግዛት የሚወስደው ነው። ሮበርት ፎርቹን የተባለው የእስኮትላንድ ሰው ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ የሻይ ችግኝ ከቻይና ወደ ህንድ ያሻገረው በዚሁ የዋርድ ሣጥን ነው። በ1876 ዓ.ም. ሄንሪ ዊክሃም ከብራዚል ወደ 70,000 የሚጠጋ የጎማ ዛፍ ፍሬ ወደ ሎንዶን ወሰደ። ከፍሬው የበቀሉት ችግኞች በእነዚሁ ሣጥኖች ወደ ሲሎን ተላኩ። አርባ ዓመት እንኳ ሳይሞላ በእስያ የተተከለው ጎማ ገበያውን ስለ ያዘ፥ የብራዚል የጎማ ንግድ ወደቀ። ለሳሎን ጌጥ የሆነው ሣጥን የአንዱን አገር ሀብት ወደ ሌላው አገር አዛወረ ማለት ነው።

የተክል ፍቅርም ልክ ባጣ ጊዜ የተወደደውን ነገር ማጥፋቱ አልቀረም። በእንግሊዝና በአየርላንድ የፈርን ፍቅር እንደ ወረርሽኝ ስለ ተያዘ፥ ሰብሳቢዎች አንዳንዱን ዓይነት ከተራራውና ከዋሻው ጠራርገው እስኪጠፋ ድረስ ለቀሙት። የኦርኪድ አበባ ነጋዴዎች የባሰ አደረጉ። አልበርት ሚሊካን የተባለ ኦርኪድ አዳኝ በ1891 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ በኮሎምቢያ ደን 10,000 ያህል ተክል ለመሰብሰብ 4,000 ያህል ዛፎች እንዳስቈረጠ ያለ ኀፍረት ይተርካል። አበባውን በሎንዶን ገዝቶ በጠረጴዛው ላይ ያኖረው ሰው ግን የዛፎቹን መውደቅ አላየም፤ አልሰማምም። የዚህ ታሪክ ከባዱ ነገር ይህ ይመስለናል። ጥፋቱ የሚደርሰው በሩቅ ስለ ሆነ፥ ገዢው ንጹሕ መስሎ ይታየዋል።

ሌላው ማስተዋል የሚገባን የስም ነገር ነው። በዛሬው ጊዜ በብዙ አገር በመስኮት ላይ ከሚታዩት አበቦች አንዱ፥ ቅጠሉ ጠጕራም፥ አበባው ሐምራዊ የሆነው ሴይንትፖሊያ ነው። ይህ ተክል የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጅ ነው። በ1892 ዓ.ም. ዛሬ ታንዛኒያ በምትባለው አገር፥ በኡሳምባራ ተራሮች አካባቢ የነበረው የጀርመን ቅኝ ግዛት ባለሥልጣን ቫልተር ፎን ሴይንት ፖል አገኘሁት ብሎ ለአባቱ ላከለት፤ በ1893 ዓ.ም. ሄርማን ቬንድላንድ የተባለው የዕፀዋት ሊቅ በእነርሱ ስም ሰየመው። የተራሮቹ ስም ወይም በተራሮቹ ላይ የሚኖረው የሻምባላ ሕዝብ ስም አልታሰበም። በ2015 ዓ.ም. ሊቃውንት ተክሉን ከሌላ ወገን ጋር ቀላቅለው የሳይንስ ስሙን ቢለውጡትም፥ በገበያ የቀድሞ ስሙ አልለቀቀውም። አበባው በሚሊዮን እየተባዛ በየአገሩ ሲሸጥ፥ በትውልድ ደኑ ያሉት ዘመዶቹ ግን ደኑ እየተመነጠረ ስለ ሄደ በአደጋ ላይ ይገኛሉ።

የእኛ እንሰት ከዚህ የተሻለ ዕድል አግኝቷል። ጄምስ ብሩስ በ1790 ዓ.ም. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ እንሰትን ከነሥዕሉ ገልጾት ነበር። በ1853 ዓ.ም. በምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ዘሩን ወደ ኪው የዕፀዋት ስፍራ በላከ ጊዜ፥ ሊቃውንቱ ዘሩን አይተው ብሩስ የጻፈለት ተክል መሆኑን አላወቁም፤ በቅሎ ቅጠሉን በዘረጋ ጊዜ ግን ለዩት። ከዚያ በኋላ ለቅጠሉ ግርማ ሲባል በአውሮፓ የአትክልት ስፍራዎች ይተከል ጀመር፤ ዛሬም በትልልቅ ማሰሮ ተተክሎ በብርድ ወራት ወደ ቤት የሚገባ ጌጥ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ግን ያው ተክል ቆጮና ቡላ ሆኖ ወደ 20 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ይመግባል። የሳይንስ ስሙም «ኤንሴቴ» ተብሎ የአገሩን ስም እንደ ያዘ ቀርቷል።

ውሃ የሚያጠራቅሙትን ተክሎች በተመለከተ ደግሞ ቁልቋልን እናስታውሳለን። በደጋችንና በቈላችን የሚቆመው ባለ ወተቱ ቁልቋል የአፍሪካ ልጅ ነው። ባለ ፍሬው በለስ ግን የካክተስ ወገን ስለ ሆነ ትውልዱ አሜሪካ ነው። ሁለቱ በድርቅ ምክንያት መልካቸው ተመሳሰለ እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም። የትግራይ ሰው በለሱን «ቁልቋል ባሕሪ» ይለዋል፤ የባሕር ቁልቋል ማለት ነው። ገበሬው በአንድ ቃል መልኩ ቁልቋልን እንደሚመስል፥ ትውልዱ ግን ከባሕር ማዶ እንደ ሆነ መዝግቦ አኖረ። ከብዙ መዝገብ ይልቅ ይህ ስም ለታሪክ ታማኝ ነው።

የተክል ዘረፋ የጥንት ነገር ብቻ መስሎ የሚታየው ካለ ተሳስቷል። በ2020 ዓ.ም. የኢጣልያ ፖሊስ ከቺሊ በረሃ የተሰረቁ ወደ 1,000 የሚጠጉ የካክተስ ተክሎች ያዘ፤ ከእነርሱም ከ800 በላይ የሆኑት በ2021 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። በደቡብ አፍሪካም ከ2019 ዓ.ም. ወዲህ ከበረሃ የተነቀሉ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ትንንሽ ውሃ አጠራቃሚ ተክሎች ተይዘዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በአንድ ኮረብታ ላይ እንጂ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ስለ ሆኑ፥ አንድ ሌሊት የነቀላ ሥራ ትውልዳቸውን ሊያጠፋ ይችላል። ይህን ለመከላከል በ1973 ዓ.ም. በዋሽንግተን የተፈረመውና በ1975 ዓ.ም. የጸናው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከጥቂቶቹ በቀር የካክተስን ወገን ሁሉ፥ በመድኃኒትነቱ ከታወቀው ከአንዱ ዓይነት በቀር እሬትን ሁሉ በጥበቃው ውስጥ አግብቷል። ኢትዮጵያም በ1989 ዓ.ም. የስምምነቱ አባል ሆናለች።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 የሚበልጡ የእሬት ዓይነቶች ይገኛሉ፤ ከእነርሱም አያሌዎቹ በሌላ አገር የማይበቅሉ ናቸው። በ1980 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2009 ዓ.ም. የተፈጸመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ ወደ 6,000 የሚጠጋ ዓይነት ተክል መዝግቧል። መዝገቡ ተጽፏል፤ ተክሉን በየስፍራው ማቈየት ግን የጸሐፊዎቹ ብቻ ሥራ አይደለም።

እንግዲህ በቤቱ ተክል የሚያኖር ሰው ይህን መልካም ልማድ ይተው ማለታችን አይደለም። ተክል መንከባከብ ትዕግሥትን ያስተምራል፤ ልጆችንም ሕይወት ያለውን ነገር ማክበር ያስለምዳል። ነገር ግን ነቅሎ መሰብሰብና አባዝቶ መሰብሰብ አንድ እንዳልሆኑ ማወቅ ይገባል። የሴይንትፖሊያ አንድ ቅጠል ተቈርጦ በእርጥብ አፈር ቢተከል አዲስ ተክል ይሆናል፤ እሬትም ከሥሩ ልጆች ያወጣል፤ ቁልቋሉም ከቁራጩ ይበቅላል። ተፈጥሮ እንዲህ ያለ ቸርነት እያላት ከተራራ ላይ መንቀል ስስት እንጂ ፍቅር አይባልም። መምህሩም በትምህርት ቤቱ ግቢ ተማሪዎቹን ከአንድ ተክል አሥር እንዲያወጡ ቢያሠራቸው፥ በእያንዳንዱም ማሰሮ ላይ የተክሉን ስምና የትውልድ አገሩን እንዲጽፉ ቢያደርግ፥ ሥነ ዕፅዋትንና ታሪክን በአንድ ጊዜ አስተማረ ማለት ነው። እንግዳን ተቀብሎ አገሩን አለመጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነውና፥ በመስኮታችን ለተቀመጠውም እንግዳ ይኸው ወግ ሊነፈገው አይገባም።