የውሰት ዲስክ

«ምናባዊ የማህደረ ትውስታ ዲስክ»። በሥልጠና ጽሑፎች እየተለመደ የመጣ ስያሜ ነው። አራት ቃል ቆጥሮም ነገሩን አልነገረንም። ነገሩ ባለሙያው ራም ዲስክ የሚለው ነው፦ ከኮምፒውተሩ ራም ላይ ተከፍሎ እንደ ዲስክ የሚያገለግል፣ በፍጥነቱ የሚወደድ ቦታ።

«ምናባዊ»ን እናስቀድም። ምናብ የደራሲ ነው፤ ገጸ ባሕርይ የሚወለደው እዚያ ነው። ምናባዊ ዲስክ ላይ የተቀመጠ ፋይልስ? ፋይሉ እውነተኛ ነው፤ አስመሳዩ ዲስኩ ነው። የግእዝ ወዳጆች «አምሳለ ዲስክ» ቢሉት ቢያንስ አይዋሹም። ነገር ግን አምሳል ምን እንደሚመስል እንጂ ከማን እንደመጣ አይነግረንም።

«ማህደረ ትውስታ» ደግሞ የባሰ ነው። ማኅደር ኀደረ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ የእኛው «አደረ» ማለት ነው። የብራና መጽሐፍ የሚያድርበት የቆዳ ኮሮጆ ማኅደር ይባላል፤ የመዝገብ ቤቱም ማኅደር ዓመታት ያድራል። ራም ግን መብራት ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ ይለቃል፤ ማደር ቀርቶ አያመሽም።

ወደ ዲስኩ ስም ከመመለሳችን በፊት፣ ኮምፒውተሮች ተያይዘው በጋራ ለሚሠሩበት ለክላስተርስ ማን ይድረስልን ስንል ግብርናው ቀድሞናል፦ ኩታ ገጠም። «ዘለላ» የሚሉ አሉ፤ የወይን ፍሬ ግን ከግንዱ ተነጥሎ ራሱን ችሎ አይኖርም። ኩታ ገጠም ላይ ማሳው የየባለቤቱ ሆኖ አዝመራው በጋራ ይታቀዳል። ኮምፒውተሮቹም እንዲሁ ናቸው፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተር (አንጓ እንበለው) የራሱ ራም አለው፣ ሥራው የጋራ ነው።

ለራም ዲስክ የእኔ ምርጫ «የውሰት ዲስክ» ነው። ውሰትን የእግር ኳስ ተከታታይ ሁሉ ያውቀዋል፦ ተጫዋቹ ለሌላ ክለብ ይሰለፋል እንጂ ንብረትነቱ አልተለወጠም፤ ጊዜው ሲደርስ ይመለሳል። በዲስኩም ራሙ የአንጓው ነው፤ ዲስኩ ሲፈታ ወይም ማሽኑ ሲጠፋ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፣ የተጻፈበትም ይጠፋል።

ቃሉ ከስሕተትም ያድናል። በሊኑክስ ለዚሁ ዲስክ የሚያገለግለው፣ ቴምፕኤፍኤስ የሚባለው የፋይል ሥርዓት መጠን ካልተወሰነለት ጣሪያውን የአንጓው ራም ግማሽ ያደርጋል። ቦታውን የሚይዘው ግን ሲጻፍበት ነው። የኩታ ገጠሙ የሥራ አከፋፋይ ሶፍትዌር የራም ገደብ የሚያስከብር ከሆነና ለአንድ ሥራ 16 ጊጋባይት ከፈቀደ፣ ሥራው ዲስኩ ላይ የጻፈው 10 ጊጋባይት ከዚያው ላይ ይታሰባል። ለፕሮግራሙ የሚቀረው 6 ነው፤ ካለፈ ከርነሉ ይገድለዋል። «ምናባዊ» ያለው ሰው ዲስኩን በነጻ ያገኘው ይመስለዋል፤ «ውሰት» ያለው ከማን ተዋስኩ ብሎ ይጠይቃል።

ጥያቄው በኩታ ገጠም ላይ ይከብዳል። አንዱ አንጓ ላይ የተሠራ ቴምፕኤፍኤስ ለጎረቤቱ አይታይም፤ በአራት አንጓ የሚሮጥ ሥራ መረጃውን በአራቱም ላይ ማስቀመጥ አለበት። ኦፕንቪኤምኤስ በተባለው ሥርዓተ ክወና ግን ዲክራም የተባለው ሶፍትዌር የፈጠረውን ዲስክ አንዱ አንጓ ለሌሎቹ ማገልገል ይችላል። እዚያ አዋሹ አንጓ ከወደቀ፣ በሌላ ዲስክ ላይ ቅጂ ካልተያዘ በቀር፣ ዲስኩ ከሁሉም እጅ ይወጣል።

«ራም ዲስክ» ብለን እንተወው የሚል ካለ አልጣላውም፤ አጭር ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል። ግን «ራም» ግስ አይወልድም። ውሰት ይወልዳል፦ አንጓው አዋሽ፣ ሥራው ተዋሽ፣ የመጠኑ ወሰን የውሰት ጣሪያ፣ ዲስኩን መፍታት ውሰት መመለስ። የራም ዲስክ ማዋቀሪያ መመሪያን ከዳር እስከ ዳር በእነዚህ መጻፍ ይቻላል።