ፊልትሮ ማስነፋት ይቅር! በራሳችሁ ቀይሩት

መኪናችን ሁለት የአየር ፊልትሮ አለው፦ አንዱ ለሞተሩ፣ ሌላው ለእኛ ሳንባ። ብዙዎቻችን ሲቆሽሹ በኮምፕረሰር አስነፍተን እንመልሳቸዋለን። ችግሩ ወረቀት ናቸው፤ ኃይለኛ አየር ይቀዳቸዋል። በሞተሩ በኩል በትንሽ ቀዳዳ የሚያልፍ አቧራ ሲሊንደርና የፒስተን ፋሻ ይበላል። መቀየሩ ግን ቀላል ነው፤ እንደ ቪትዝና ኮሮላ ባሉት ላይ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

1. የሞተር ፊልትሮ
ሞተሩ ይብረድ። ኮፈኑን ክፈቱና ወፍራም የአየር ቱቦ የተያያዘበትን ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን ፈልጉ። ክሊፖቹን ፈታችሁ አሮጌውን አውጡ። ሳጥኑን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ አቧራው ወደ ቱቦው እንዳይገባ። አዲሱን ስታስገቡ የጎማ ጠርዙ ዙሪያውን በደንብ ይቀመጥ።

2. የኤሲ ፊልትሮ
በብዙ ቶዮታዎች ጋቢና ከሚቀመጠው ተሳፋሪ ፊት ካለው የዕቃ ኪስ ጀርባ ነው። ኪሱን ባዶ አድርጉ፤ በጎኑ የያዘችው ዘንግ ካለች አላቅቋት። ሁለቱን ጎኖች ወደ ውስጥ ጫን አድርጋችሁ አውርዱት። ክዳኑን ከፍታችሁ ፊልትሮውን ሳቡ። አዲሱን ጎኑ ላይ ያለችውን ቀስት ተከትላችሁ አስገቡ።

መቼ ይቀየር? የመኪናው መመሪያ ኪሎሜትሩን ይነግራችኋል፤ አቧራማ መንገድ የምትነዱ ግን ቀደም በሉ። የሞተሩን ፊልትሮ ወደ ፀሐይ አንስታችሁ እዩት፤ ቀዳዳ ካለው ጣሉት።

የፊልትሮ ዋጋ ቆጥቦ ሞተር ማስወረድ አያዋጣም። መኪና ላለው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።