ከሲራራው ኬላ እስከ ኢንተርኔቱ ኬላ



በዛሬው የታሪክ ወጋችን ወደ ሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ ወደ ዳባትና ደባርቅ እንወስዳችኋለን።

ከጎንደር ተነስቶ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የደረሰ መንገደኛ ከፊቱ የሚጠብቀው የሊማሊሞ ገደል ነው። ጣሊያን የመኪና መንገድ ከማውጣቱ በፊት በዚያ ገደል አህያና በቅሎ እየነዱ ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩት ሲራራ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ሙስሊሞች። ዝባድና የዝሆን ጥርስ ወደ ምጽዋ ያወርዳሉ፣ ጨርቅ ጭነው ይመለሳሉ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በ1770 (እ.ኤ.አ.) ጎንደር የገባው ይህንኑ አቀበት ወጥቶ ነው።

ነጋዴው ታዲያ ከጭነቱ ጋር ወሬም ይዞ ይመጣል። ሐጅ የሄደ ሰው ሰላምታ፣ በሩቅ አገር የሞተ ሰው መርዶ የሚደርሰው በእርሱ አፍ ነበር። በመንገዱ ላይ ግን ኬላ አለ። ኬላ ጠባቂው ጭነቱን ይፈትሻል፣ ቀረጡን ይቀበላል፣ ያሳልፋል። መሳፍንቱ ሲጣሉ ደግሞ መንገዱ ጭራሹን ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ጨርቁም፣ ሰላምታውም፣ መርዶውም ከገደሉ ማዶ ይቀራል።

የኢንተርኔትም ኬላ የሚሠራው በእነዚሁ በሁለቱ፣ በመፈተሽና በመዝጋት ነው። «ኢንተርኔት አየር ላይ ያለ ነገር ነው፤ ማን ይዘጋዋል?» የሚል አይጠፋም። አየር ላይ ያለው ከስልካችሁ እስከ ማማው ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ በመስመር ተጉዞ ከአገር የሚወጣው በጥቂት በሮች ነው። በሩ ላይ የተቀመጠ መሣሪያ የአንድን ድረ ገጽ አድራሻ ለይቶ ያግዳል፤ ይህ ፍተሻው ነው፣ ወጣቶቻችን ቪፒኤን በሚሉት ዘዴ ሾልከው ያልፉታል። የሞባይል ዳታው ራሱ ከጠፋ ግን ቪፒኤንም ዋጋ የለውም። ኢንተርኔት አገራችን ከገባበት ከ1989 ጀምሮ እስከ 2015 መጀመሪያ ድረስ በሩን የያዘው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር። ሳፋሪኮም ከመጣ በኋላም ፈቃድ ሰጪው ያው መንግሥት ነው።

ከዚያ በፊት የነበረውን ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። በንጉሡም በደርግም ዘመን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ሳንሱር ያየው ነበር። ሳንሱር በአዋጅ ቁጥር 34/1985 ቀረ፤ እነ ቢላል መጽሔት የወጡት በዚያ ወቅት ነው (ያረጁ ቅጂዎቹ ምናልባት እስካሁን በየቤታችሁ ይኖራሉ)። ለሳንሱር ጥብቅና የምንቆም አይደለንም፤ ቢሆንም ሳንሱረኛው ቢያንስ ያነብ ነበር። ዳታ የሚያጠፋው ሳያነብ ነው የሚያጠፋው።

ማጥፋቱ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ታየ። በሰኔ 1997 የሞባይል አጭር መልእክት ተቋርጦ እስከ መስከረም 2000፣ ከሁለት ዓመት በላይ ሳይመለስ ቆየ። በ1998 ደግሞ ብሎጎችና የፖለቲካ ድረ ገጾች ይታገዱ ጀመር። በ2004 ከአወሊያ የተነሳው የሙስሊሙ ጥያቄ ከከተማ ከተማ የተሰማው «ድምፃችን ይሰማ» በተባለው የፌስቡክ ገጽ ጭምር ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ የመጽሔቱ የ«ሙስሊሞች ጉዳይ» ዋና አዘጋጅ ዩሱፍ ጌታቸው ታሰረ፤ መጽሔቱም ቆመ። በሐምሌ 2007 ከኮሚቴው አባላት ጋር በፀረ ሽብር አዋጁ ተፈረደበት፤ በመስከረም 2008 በይቅርታ ተፈታ። በሰኔ 2010 መንግሥት 264 ድረ ገጾች መከፈታቸውን ሲያስታውቅ «አልሐምዱሊላህ፣ አለፈ» ያልን ብዙዎች ነን። አላለፈም።

ሊማሊሞን ወርዶ ተከዜን የተሻገረ ሰው ትግራይ ይገባል። በጥቅምት 2013 መጨረሻ ጦርነቱ ሲጀመር እዚያ ስልኩም ኢንተርኔቱም ጠፋ። በኅዳር የነጃሺ መስጊድ፣ ሶሐቦች ያረፉበት ያ ቦታ፣ በከባድ መሣሪያ ተመታ፤ ወሬው በሰፊው የተሰማው ግን በታኅሣሥ ነው። በዳባት ወረዳ ጭና ላይም የትግራይ ኃይሎች ሰላማዊ ሰዎችን መግደል የጀመሩት ነሐሴ 25 ቀን 2013 ሲሆን፣ ዓለም የሰማው ጳጉሜ 3 ነው።

መንግሥት ደግሞ «ዝም ካልን በወሬ ትተላለቃላችሁ» ይላል። ይህን በቀላሉ አናልፈውም። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ጎንደር ላይ፣ በሼኽ ኤልያስ መካነ መቃብር ቀብር ላይ በነበሩ ሙስሊሞች ላይ ጥቃት ደርሶ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። ምስሉ በየስልኩ ዞረ፣ የቂም ቃል ተጨመረበት፤ በሁለተኛው ቀን ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ወሬን አጣሩ የሚለው የሱረቱል ሑጁራት ትእዛዝ ያኔ የት ነበር? ያላጣራነውን ያስተላለፈው የእኛም ጣት ነው። ለዚህ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ቃሉ ልል ነው ተብሎ ይወቀሳል፣ ወቀሳውም እውነትነት አለው፤ ቢሆንም ተናጋሪውን ለይቶ ፍርድ ቤት ያቆማል። ዳታ ማጥፋት ዋሽቶ ያባላውንና ለእናቱ የሚደውለውን አንድ ላይ፣ ያለ ፍርድ ይቀጣል።

በእኛ ብቻ የመጣ አይደለም። ቻይና በ2009 (እ.ኤ.አ.) ከኡሩምቺ ሁከት በኋላ የኡይጉር ሙስሊሞችን አገር ሺንጂያንግን ለ10 ወራት ያህል ከኢንተርኔት ለየች። የካሽሚር ሕዝብ በነሐሴ 2019 የተወሰደበትን ፈጣን ኢንተርኔት ያገኘው በየካቲት 2021 ነው። አክሰስ ናው የተባለው ድርጅት በ2023 ብቻ በ39 አገሮች 283 ጊዜ መቋረጡን ቆጥሯል።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ሰሞን የክልሉ የሞባይል ዳታ ጠፋ። በአንዳንድ ከተሞች የተመለሰው ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። መውሊዱም፣ ረመዳኑም፣ ሁለቱም ዒዶች በመካከል አለፉ። ዐረብ አገር ያሉ ልጆች እናቶቻቸውን በኢሞ ማየት ቀርቶባቸው፣ ኔትወርክ ሲፈቅድ ድምፅ ብቻ ይሰሙ ነበር። ይደርሳል ብለው በዋትስአፕ የላኩም አሉ። ዋትስአፕ ያልደረሰ መልእክት የሚያቆየው 30 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ይሰርዘዋል። ዳታው ተመልሶ ስልኩ ሲከፈት የመጋቢቱ የረመዳን ሰላምታ አልነበረም፤ መርዶውም አልነበረም።